ማርሹን ማን አበላሸው

«ሴት ልጅ ማርሽ ትቀይራለች ብላችሁ ሞተር ሰጣችሁ፤ ይኸው ረግጣ ሰበረችላችሁ!»

አስረሳሽ ይህን የሰማችው ጓሮ ለቆመው ነጭ ሙክቷ የማሽላ አገዳ እየጣለች፣ ወገቧን ሳታቀና ነው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ የመይሙና ሻይ ቤት አለ። ሻይ ቤት ይባል እንጂ ሁለት አግዳሚና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው ሰው ካላሙ ቢሯቸው የሚከፈት አይመስላቸውም። ድምፁን ወዲያው ለየችው። አንዷለም ነው፤ ከልጇ ከሕይወት ጋር አንድ ቢሮ የሚሠራ የከብት ክትባት ባለሙያ፣ ጫማውን አቧራ እንዳይነካው ድንጋይ እየመረጠ የሚራመድ። ቀጥሎ የተናገረው ኃላፊያቸው አቶ ታረቀኝ ነበር፤ ረጋ ብሎ፣ ሻዩን እያማሰለ። «መካኒኩ ኃይሉ ከፍቶ ይየዋ። በስምንት ሰዓት ቢሮ እንነጋገራለን። የአነዳድ ጥፋት ነው ካለ ሞተሩን አንተ ትረከባለህ፤ እሷ መዝገብ ቤት ትገባለች።» አንድ ሰው ሳቀ። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ኳ አለ። አስረሳሽ አገዳውን እንደያዘች ቀረች።

መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ማንበብ አትችልም እንጂ ዓይን አላት፤ አይታዋለች። መስኮቱ የማይከፈት፣ አቧራ የጠጣ ወረቀት እስከ ጣሪያው የተቆለለበት ክፍል ነው። ሕይወት እዚያ? ከሮቢት ማዶ ያለ ገበሬ ሁሉ «ባለሞተሯ መጣች» ብሎ በሬውን ለክትባት የሚያሰልፍላት ልጅ? ሞተሯስ ብትሆን ምን ያስቀናል፤ ከሦስት ሰው እጅ ዞራ የመጣች፣ ቀለሟ የተላጠ፣ መቀመጫዋ በፕላስተር የተጠጋገነ አሮጌ ናት። ወንዶቹ ንቀው ሲተዋት ነው ለሕይወት የደረሰቻት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላት አታውቅም ነበር። በዚህ ወር ግን ልጅቱ «ማርሹ እንቢ አለኝ፣ እማየ፤ ስረግጠው ይወርዳል፣ አልመለስም ይላል» ማለት ጀመረች። ከትናንት ወዲያ ጭራሽ ከሮቢት ማዶ ቆመችባት፤ እስከ አስፋልቱ ገፍታ በአሸዋ መኪና ተጭና ገባች። ያን ቀን እራቷን አልበላችም፤ አስረሳሽም ምነው አላለቻትም። በዚያ ቤት ነገር ሲከብድ ዝም ነው የሚባለው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ልጅቱ የመድኃኒት ሳጥኗን አንግታ በእግሯ ስትወጣ እናትየው ከሙክቱ ጋር ጓሮ ሆና አይታታለች። አይታ፣ እንዳላየ ሆናለች።

ዝም የሚባለው ግን ቤት ውስጥ ነው። ከደጅ ሲወጣ የአስረሳሽን ምላስ የማያውቅ ቀበሌ የለም። ነጠላዋን አጣፍታ በበሩ ዞረችና ከአንዷለም ፊት ቆመች።

«አንተ! ባለፈው ሳምንት ለልጄ ምሳ ላደርስ ስመጣ፣ ቢሯችሁ ግቢ ውስጥ ሞተሯ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሲነካካት የነበረው ማነው? ያላየሁ መስሎህ ነው?»

«እማማ አስረሳሽ፣ ጎማዋን ነው ያየሁት። ነፋስ ጎድሏት ነበር።»

«ነፋስ የጎደለው ያንተ ጭንቅላት ነው! አንተ ነህ ያበላሸሃት። በቅናት!»

አቶ ታረቀኝ ብድግ አለ። «እናቴ፣ ይረጋጉ። ኃይሉ ይየው ብለናል።»

«እሱም ያያል፣ እኔም አያለሁ። እስከ ስምንት ሰዓት ማን አባቱ ይተኛል!»

ተመልሳ ሞተሯን ከፊተኛው ክፍል ጎትታ አወጣቻት። ያች ክፍል ቀን እንግዳ መቀበያ ናት፣ ማታ ጋራዥና በረት፤ ቤንዚንና በግ አንድ ላይ ይሸትባታል። ሲመሽ ሕይወት ሞተሯን አቁማ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አስረሳሽ ሙክቱን አስገብታ በሩን ትቀረቅራለች፤ ሲነጋም ከሁሉ ቀድማ ታስወጣዋለች። ለፋሲካ ብላ ከጎብዬ ገበያ፣ ያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ በነበረ በአምስት መቶ ሃያ ብር የገዛችው ነው፤ ጎረቤት ዋጋውን ጠይቆ አፉን ይዟል። ሞተሯን ግን ነክታ አታውቅም። ልጇ ከኋላ ተቀመጭ ስትላት «እኔ እንደ ኬሻ አልጫንም» ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ዛሬ መሪዋን በሁለት እጇ ያዘች። ደግነቱ ሕይወት ታግላ ፎሌ ላይ፣ ምንም ማርሽ ሳይገባባት ነው የተወቻት፤ ጎማዋ ይዞራል። መይሙና ሻይዋን ለደንበኞቿ ጥላ ከኋላ ገፋችላት።

«ያ አላህ! አስረሳሽ፣ በዚህ ዕድሜያችን ሰው ምን ይለናል?»

«የሚለውን ይበል። ሲደክመው ይተዋል።»

ቆቦ በዚያን ሰዓት ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቷ ይፋጃል። ሁለቱ ሴቶች ሞተሯን መሐል አድርገው ሲሄዱ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋባቸዋል፣ ጫኝ አውራጅ ያፏጭባቸዋል። የጤፍ ነጋዴዋ ከመጋዘኗ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» አለች፤ አስረሳሽ ነገረቻት። የልብስ ሰፊው ጠየቀ፤ ነገረችው። ያልጠየቀውንም ጠርታ ነገረችው። አንዷለም የሚባል ጸጉራም፣ በልጇ እንጀራ ቀንቶ የሞተሯን ማርሽ እንዳበላሸ ከመናኸሪያው በላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ወሬውም ከሞተሯ ቀድሞ ኃይሉ ዘንድ ደረሰ።

ኃይሉ ትግርኛ ተናጋሪ ወላጆቹ ከአላማጣ ወዲያ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ ያደገ መካኒክ ነው። ከአንድ ትልቅ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ይሠራል፤ ወሬ አያበዛም። ቱታው ከዘይት ብዛት ቆዳ መስሏል። ሴቶቹን ሲያይ ተነስቶ መሪውን ተቀበላቸው።

«አደይ አስረሳሽ፣ የሚገፋ ሰው አጥተው ነው?»

«የሚገፋውማ ሞልቷል፤ የሚታመን ጠፋ እንጂ። ክፈታት። ማን እንዳበላሻት በወረቀት ጻፍልኝ።»

«እኔ የማውቀው ምኗ እንደተበላሸ ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም።»

«ምኗን ንገረኝ፤ ማኑን እኔ አገኘዋለሁ።»

መይሙና ወደ ሻይዋ ተመለሰች፤ አስረሳሽ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ አንዷለምም መጣ። አልቀረበም፤ ከዛፉ ጥላ ጠርዝ ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ። ኃይሉ ለሁለቱም ግድ አልነበረውም። መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨብጦ ለቀቀ፣ ገመዱን ፈተሸ፣ የላላውን አጠበቀ። «ፍሪሲዮኗ ደህና ናት» አለ። ከዚያ የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስቶ የለስላሳ ሳጥን አስደገፋት፤ በአንድ እጁ ጎማውን እያዞረ በሌላው የማርሽ ፔዳሏን ተጫነ። ወረደች፣ ቀጭ አለች፣ እዚያው ቀረች። በጣቱ ገፍቶ መለሳት። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ ቀረች።

«አላልኩም?» አለ አንዷለም ከቆመበት። «መመለሻ ሞላው ተሰብሯል። በኃይል ሲረግጡት ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ኃይሉ ሳይዞር።

አስረሳሽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምናልባት ልጄ ረግጣው ይሆን፣ የሚል ሐሳብ ሽው አለባት፤ እንደ ዝንብ በእጇ አባረረችው። ኃይሉ የሞተሩን ዘይት በጣሳ አወረደ፤ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ በተርታ አስቀመጠ፤ የጎኑን ክዳን በካቻቢቴ ጀርባ መታ መታ አድርጎ ሲያላቅቀው በመሐል ያለው የወረቀት ጓርኒሲዮን ተቀደደ። ውስጡን ለማየት መንገደኛም ቆመ። ከብዙ ጥርሳም ብረት መካከል ፔዳሏ የምትያያዝበትን ቀጭን ዘንግ ሳበና በጨርቅ ጠረገው፤ ጥምዝምዙን ሞላ በአውራ ጣቱ ወጠረው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ወጠረው።

«ሞላው ጤነኛ ነው።»

«ሰማህ?» አለች አስረሳሽ ከጀሪካኗ ተነስታ። «ሰማህ አንተ የረገጠች ባይ?»

ኃይሉ ገና አልጨረሰም። ከዕቃ ሳጥኑ ስንጥር የመስኮት መስታወት አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ዘንጉን በላዩ አንከባለለው። ቀጥ ያለ ብረት በመስታወት ላይ ውኃ ሆኖ ነው የሚሄድ። ይኸኛው ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ እያለ ይዘላል። ጫፉ ጠሟል። ኃይሉ ከንፈሩን መጠጠ። እግር፣ አለ፣ ወደ ታች ይጫናል፣ ወደ ላይ ያነሳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ይኼ ወደ ጎን የተጎተተ ነው። በአንድ ቀንም አይደለም፤ ጥቂት በጥቂት፣ ብዙ ቀን። ዘንጉ ስለ ጠመመ ቀዳዳው ውስጥ ይቀረቀራል፤ ሞላው ልመልሰው ቢል አቅም ያጣል። ነጂዋ ምንም አላጠፋችም።

አስረሳሽ እልል ልትል ነበር። «ወደ ጎን! በእግሯ ካልሆነ በሰው እጅ ነው! አሁንስ ምን ትላለህ፣ ነፋስ ነው?» ቆመው የሚያዩት ሳቁ። አንዷለም ፊቱ ደም መሰለ፤ «እማማ፣ ስሜን በከተማ አጠፉት» ብሎ ጥሏት ሄደ። «ጻፍልኝ» አለች ኃይሉን፤ «አንድ በአንድ ጻፍልኝ።»

ኃይሉ ግን ፔዳሏን ወደ ብርሃን አዙሮ እያገላበጠ ነበር። «እዚህ ጋ ዙሪያዋን ተልጣለች፤ ገመድ ነው የላጣት። እነሆ፣ ክሩም ተሰክቷል።» በፒንሳ ጫፍ ከፔዳሏና ከብሎኗ መካከል አንድ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ክር መዘዘ። ከክሩ ጋር ጥቂት ነጭ ጸጉር ተጠቅልሎ ወጣ። ጥፋተኛውን ይፈልጉበት ብሎ በመዳፏ ላይ አኖረላት።

የሰማይ መብረቅ ቢወርድባት እንዲያ አትሆንም ነበር። ክሩን ታውቀዋለች። ገመዱን ራሷ ገዝታዋለች፤ በራሷ እጅ ቋጥራዋለች፣ በራሷ እጅ ፈትታዋለች። የሙክቱን ካስማ ምስጥ በልቶ ከጣለው ወር አልፎታል። አዲስ እስክታስተክል ብላ በጨለማ ስትዳብስ ከሞተሯ ጎን ወጣ ያለች አጭር ብረት አገኘች፤ ጫፏ ላይ ጎማ አለባት፣ ገመድ አያንሸራትትም። ለማሰሪያ ብለው የሠሯት መስሏት ነበር። እንዲያውም «መንግሥት ካስማ ሰጠኝ» ብላ ለብቻዋ ስቃለች። ሙክቱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ በሩ ይጎትታል፤ ብረቷ ኳ ኳ ስትል እሷ በእንቅልፏ «ዝም በል» ትለዋለች። ሠላሳ ሌሊት። ልጇ በእጇ እየመለሰች የነዳችው፣ በፀሐይ የገፋችው፣ እራቷን ትታ የተኛችው፣ ዛሬ በእግሯ የሄደችው በዚህ ነው። በዚህ በአንድ ጣት ክር።

«ምነው፣ አደይ?»

«ምንም። ፀሐዩ ነው።»

እጇን ጨበጠች። ኃይሉ ጭብጧን አየ፣ ነጩን ጸጉርም ቀድሞ አይቶታል። ወረቀቱን ጻፈና ሳትጠይቀው አነበበላት። «ጉዳቱ በአነዳድ የመጣ አይደለም። የማርሽ ዘንጉ በገመድ ወደ ጎን ተስቦ ጠሟል።» ማን የሚል የለበትም። ከዚያ ዘንጉን በሞርሳ ነክሶ፣ እንጨት አልብሶ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ ያቃናው ጀመር፤ ይመታል፣ በመስታወቱ ላይ ያንከባልላል፣ ደግሞ ይመታል። ከካርቶን አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጦ፣ አዲስ ዘይት ጨምሮ እስኪገጥመው ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ያን ሁሉ ጊዜ አስረሳሽ ከጠዋት ጀምራ በአስፋልቱ የበተነችውን ወሬ አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር፤ የጤፍ ነጋዴዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫኝ አውራጆቹ። በመጨረሻ ኃይሉ ሞተሯን አስነስቶ ፔዳሏን ነካ ሲያደርጋት ቀጭ፤ ተመለሰች። ቀጭ፤ ተመለሰች። ድምፁ ልጆች ለውዝ እንደሚሰብሩት ያለ ጥርት ያለ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሕይወት እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ ቢሮ ደረሰች። ኃይሉ ሞተሯን ግቢው ውስጥ አቁሞላት ሄዷል። ሳጥኗን ሳታወርድ ፔዳሏን በእግሯ ሞከረቻት፤ ፊቷ በራ። ወረቀቱን ከእናቷ እጅ ተቀብላ አነበበች፤ ፊቷ ተመልሶ ጨለመ።

«መንገድ ላይ ነግረውኛል፣ እማየ። አንዷለም ነው አሉ። አላመንኩም ነበር።»

«ሕይወት፣ ስሚኝማ...»

አቶ ታረቀኝ ከውስጥ ተጣራ፤ ልጅቱ ገባች። አስረሳሽ ከበሩ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በሩ ለሙቀቱ ሲባል ክፍት ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ኃላፊው ወረቀቱን ድምፁን አሰምቶ አነበበ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዲያው ሕይወት ነጻ ናት አለ። ግን ገመዱን ማን አሰረው?

«ሞተሬ እዚህ ግቢ ስትቆም አጠገቧ የማይጠፋው አንድ ሰው ነው» አለች ሕይወት። «እናቴ በዓይኗ አይታዋለች። እናቴ አፏ ክፉ ነው፤ ውሸት ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።»

«ሕይወት! በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እኔ ምን አደረግሁሽ?» አንዷለም የዚያ የጠዋቱ ሰው አይመስልም። «እኔም እናት አለኝ እኮ!»

«በመንግሥት ንብረት ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥፋት ነው» አለ ታረቀኝ። «ይኼ ከእኛ በላይ ነው፤ ለፖሊስ እነግራለሁ።» ስልኩን ከማረፊያው ሲያነሳው ጠቅ ሲል ተሰማ።

አስረሳሽ መቼ ተነስታ መቼ እንደገባች አታውቀውም። ጠረጴዛው ፊት ቆማ ጭብጧን ፈታች። ክሩ በላብ ርሶ መዳፏ ላይ ተለጥፏል።

«ስልኩን አስቀምጠው። እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው እርስዎ?»

«ያጠመምኩት። ካስማዬን ምስጥ በላብኝ፤ ሙክቴን በብረቷ ላይ አስሬ ሳሳድር ከረምኩ። ለማሰሪያ የተሠራች መስሎኝ ነው። ይኸው ክሩ፣ ይኸው ጸጉሩ።»

የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል። ታረቀኝ ስልኩን በአየር ላይ እንደያዘ ክሩን ተመለከተ። «በግ?» አለ።

«ሙክት» አለች አስረሳሽ። በዚያች ሰዓትም ቢሆን በግ ሲሉባት አልወደደችም። ልጇን ለማየት አልደፈረችም፤ ወደ አንዷለም ነው የዞረችው። «አንተ ልጅ፣ ማርሽ አበላሸ ብዬ ስምህን ከመናኸሪያው እስከ ቁርቁራው ዛፍ አጥፍቻለሁ። የለህበትም። ነገ በዚያው መንገድ ተመልሼ፣ ለነገርኳቸው ሁሉ በዚሁ አፌ እነግራቸዋለሁ። ይቅር በለኝ። ሴት ማርሽ አትቀይርም ያልከውን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። እሱን አንተ ይቅርታ ጠይቅ፤ እኔን ሳይሆን እሷን።»

አንዷለም ቁልቁል ጫማውን አየ። «ይቅርታ፣ ሕይወት» አለ፤ ለመስማት ጆሮ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር። ሕይወት የምታየው እናቷን ነበር፤ ሰው የገዛ ቤቱ ተደርምሶ ሲያገኘው እንደሚያየው። ታረቀኝ ስልኩን መልሶ አስቀመጠ። ሞተሯ ከሕይወት እጅ አትወጣም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እዚሁ ቢሮ ግቢ ታድራለች፣ አለ። አስረሳሽ ያለችውን በወረቀት አስፍሮ አውራ ጣቷን በሰማያዊ ቀለም ነክሮ አስፈረማት። ቀለሙ የገመዱ ዓይነት ሰማያዊ ነበር።

እናትና ልጅ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ወደ ቤት ተመለሱ። የጤፍ ነጋዴዋ ከመጋዘኗ ሆና «እህ፣ እንዴት ሆነ?» ስትል ልጅቱ እርምጃዋን አፈጠነች፤ አስረሳሽ ቆማ «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለቻትና ተከተለች። ነገ ያለችውን ዛሬ ጀመረችው። ቤት ሲደርሱ ሕይወት ውኃ ቀድታ እግሯን ታጠበችና ጓዳ ገባች። መጋረጃው ወረደ።

ጀንበር ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ሙክቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጮህ ጀመር፤ የሚገባበት ሰዓት ነው። አስረሳሽ አስገባችውና ገመዱን ይዛ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። ሞተሯ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው፤ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል። የምታስርበት አጣች። ግራ ቀኝ አየችና ከግድግዳው ሥር ባለው በጠፍር አልጋዋ እግር ላይ ቋጠረችው፤ እሷም አልጋው ላይ ተቀመጠችበት፣ ከብዶ እንዲይዝ። ሙክቱ ወደ በሩ ሳበ። አልጋው ሲጢጥ አለ። ደግሞ ሳበ፤ አልጋው እሷን ጭኖ ስንዝር ያህል ሄደ። አስረሳሽ ደንግጣ ጠፍሩን ጨበጠች። ይህን ያህል ጉልበት አለው? ሌሊቱን ሙሉ በዚህ ጉልበት ነው ያችን ቀጭን ብረት ሲጎትታት የኖረ? እንባዋ ሳታስበው ዱብ አለ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ሙክቱ ግን መጎተቱን አልተወም።

ከጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ያልተሰማው ድምፅ መጣ።

«እማየ፣ አሁን ደግሞ አልጋውን ልታጣምሚው ነው?»

አስረሳሽ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ምላስሽን ትተሽ ነይና ያዥልኝ!»

መጋረጃው ተገለጠ።